ዳታቤዝ ሲንቀራፈፍ የፍሪላንስ አማካሪ እንዴት ይቀጠራል?

የወሩ መጨረሻ ሲደርስ የሒሳብ ክፍሉ የደመወዝ ሪፖርት ይከፍታል፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ መሽከርከር ትጀምራለች፤ ብዙም ሳይቆይ የሽያጭ ሠራተኞች ደረሰኝ መቁረጥ አቃተን ብለው ይደውላሉ። በዚህ ሰዓት መጀመሪያ የሚሰማው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ “ሰርቨሩ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ” የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው “የሚያውቅ ሰው ይጠራ” የሚል ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ባለሙያው ለምን እንደተጠራ፣ ምን እንደሚያስረክብና ሥራው አለቀ የሚባለው መቼ እንደሆነ ሳይወሰን የተፈጸመ ቅጥር መጨረሻው ክርክር ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የራሳቸው የዳታቤዝ ባለሙያ ለሌላቸው ድርጅቶች ኃላፊዎች ሲሆን፣ በዚህ ሥራ በቀጣሪም በተቀጣሪም ወገን ቆሜ ያየሁትን መሠረት ያደረገ ነው። ከምመክረው ሁሉ የማስቀድመው ምርመራውንና ጥገናውን እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ቆጥሮ፣ በሁለት የተለያዩ ውሎች መግዛትን ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባለሙያ ከመጥራት በፊት

“ሲስተሙ ይዘገያል” የሚለው አቤቱታ ለባለሙያ የሚነግረው ነገር የለም። ለአንድ ሳምንት፣ ቢቻል የወር መጨረሻን የሚጨምር ሳምንት ይሁን፣ አንድ ሠራተኛ ደብተር ይዞ የትኛው ገጽ ወይም ሪፖርት እንደዘገየ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ፣ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀና በዚያው ጊዜ ሌሎች ሠራተኞችም ተቸግረው እንደነበር ይመዝግብ። ሰዓት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሠራተኛው “ከቀኑ 8 ሰዓት” ብሎ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 14:00 ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ሎጉን (የክንውን መዝገቡን) ከእኛ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ የሚጽፍ ከሆነ ያው ቅጽበት የሚገኘው 11:00 ላይ ነው። ይህን ሳያስተውሉ ደብተሩን ውጭ አገር ለሚኖር አማካሪ የላኩ ሰዎች፣ አማካሪው ምንም ችግር ባልነበረበት ሰዓት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ እንዲውል ያደርጉታል፤ ሒሳቡም የሚቆጠረው በእነርሱ ላይ ነው።

ከደብተሩ ጎን ለጎን ዳታቤዙ ራሱ መመዝገብ እንዲጀምር ማድረግ ይገባል። ፕሮግራሙ ለዳታቤዙ የሚልከውን ጥያቄ ባለሙያዎች ኩዌሪ ይሉታል። ከተለመዱት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ማይኤስኪውኤል የዘገዩ ኩዌሪዎችን የሚጽፍበት ሎግ አለው፤ ነገር ግን ይህ ሎግ ሲጫን ዝግ ነው፤ ቢከፈት እንኳ ሳይነካ ከተተወ የሚመዘግበው ከ10 ሴኮንድ በላይ የፈጀውን ብቻ ስለሆነ ወደ 1 ሴኮንድ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ሌላው የዳታቤዝ ፕሮግራም በሆነው በፖስትግሬስኪውኤል ተመሳሳዩን አገልግሎት የሚሰጠው ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ የተባለው ተጨማሪ ክፍል ነው፤ እርሱን ለማስጀመር ዳታቤዙን አንድ ጊዜ ማጥፋትና ማስነሣት ግድ ስለሚል ሠራተኞች ከወጡ በኋላ ማታ ይሠራ። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2016 እትሙ ጀምሮ ኩዌሪ ስቶር የተባለ መዝገብ ይዟል። ይህን ሁሉ የድርጅቱ የአይቲ ሠራተኛ በአንድ ማታ ሊያከናውነው ይችላል። ካልተከናወነ ግን በሰዓት የሚከፈለው አማካሪ መጥቶ የመጀመሪያ ሥራው መዝገቡን ከፍቶ መረጃ እስኪጠራቀም መጠበቅ ይሆናል።

አንዳንዱ ችግር አማካሪም አይጠይቅም። የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሥራው በሥራ ሰዓት መካከል እየተነሣ እንደሆነ፣ ዲስኩ ሊሞላ ተቃርቦ እንደሆነ፣ የቫይረስ መከላከያ ፕሮግራሙ የዳታቤዙን ፋይሎች እየደጋገመ የሚፈትሽ እንደሆነ በግማሽ ቀን ይታያል። የሜሞሪ ምደባውም እንዲሁ ነው። ማይኤስኪውኤል ሲጫን ለዋናው ክፍሉ ለኢኖዲቢ የሚይዘው የሜሞሪ መጠን 128 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ፖስትግሬስኪውኤልም በተለመደው አጫጫን ለጋራ ማከማቻው የሚመድበው 128 ሜጋባይት ሲሆን፣ የራሱ ሰነድ ግን ለዳታቤዝ ብቻ በተመደበ ማሽን ላይ ከጠቅላላው ሜሞሪ 25 በመቶ ያህሉ ጥሩ መነሻ እንደሆነ ይገልጻል። 32 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ተገዝቶ ዳታቤዙ በ128 ሜጋባይት ሲንፏቀቅ ማየት ብርቅ አይደለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር በተቃራኒው ገደብ ካልተበጀለት ያገኘውን ሁሉ ይወስድና አብረውት በዚያው ማሽን ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ያስርባል።

በነፃ የሚገኘውን የኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ እትም የሚጠቀሙ ድርጅቶች በአገራችን ጥቂት ስላይደሉ ስለ እርሱ ለብቻው አንድ ነገር ማለት ይገባል። ለረጅም ዓመታት ይህ እትም አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ ለዳታ ማቆያ የሚጠቀምበት ሜሞሪም ከ1,410 ሜጋባይት አያልፍም ነበር። አንድ አስመጪ ድርጅት ሰርቨሩ ላይ 64 ጊጋባይት ራም (ሜሞሪ) አስገጥሞ ምንም ለውጥ ባለማየቱ ጠርቶኝ ነበር፤ የሄድኩበት ሥራ ያለቀው የእትሙን ስም አንብቤ ባስረዳሁበት ሩብ ሰዓት ነው። ራሙን የሸጠው ሰው ይህን ቢያውቅ እንኳ የመናገር ጥቅም አልነበረውም።

ምን ዓይነት ሰው ይፈለጋል?

“የዳታቤዝ ባለሙያ” የሚለው መጠሪያ ሰፊ ነው። ለዓመታት ኦራክል የተባለውን ዳታቤዝ ያስተዳደረ ሰው ስለ ፖስትግሬስኪውኤል ጽንሰ ሐሳቡን ሊያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን የትኛው ሰንጠረዥ በሞቱ ረድፎች (ተሰርዘው ወይም ተለውጠው ቦታ እንደያዙ በቀሩ) እንደተሞላና ለምን ሳይጸዳ እንደቀረ በፍጥነት የሚለየው በዚያው ዳታቤዝ ላይ ሲውል የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ የዳታቤዙን ስም ብቻ ሳይሆን የእትሙን ቁጥር፣ የሚሠራበትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የዳታውን መጠን በጊጋባይትና በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙትን ሰዎች ብዛት መግለጽ ይገባል። የእትም ቁጥር ቀላል ነገር አይምሰልዎ፤ ለምሳሌ ማይኤስኪውኤል 5.7 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ከአምራቹ መደበኛ ድጋፍ ውጭ ሆኗል፤ ስለዚህ የጥገናው ሥራ ወደ አዲስ እትም መሸጋገርን ሊያካትት ይችላል፤ ያ ደግሞ ሌላ ዋጋና ሌላ ጊዜ ያለው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ችግሩ ዳታቤዙ ላይ ነው ወይስ ፕሮግራሙ ላይ የሚለው ነው። 200 ደረሰኞችን የሚያሳይ ገጽ ዝርዝሩን በአንድ ኩዌሪ ካመጣ በኋላ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም ለማምጣት ሌላ 200 ኩዌሪ የሚልክ ከሆነ፣ ዳታቤዙ የቱንም ያህል ቢስተካከል 201 ጊዜ መመላለሱ አይቀርም። እንዲህ ያለውን የሚያስተካክለው የፕሮግራሙ ኮድ ያለው ሰው ነው። ስለሆነም አማካሪ ከመቅጠርዎ በፊት ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ወይም ድርጅት ዛሬም እንደሚገኝና ለአማካሪው ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ እንደሆነ ያረጋግጡ። ፕሮግራሙ ከሻጭ የተገዛ ከሆነ፣ ዳታቤዙ ላይ ኢንዴክስ (መረጃን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) መጨመር የድጋፍ ውሉን ያፈርስ እንደሆነ ከሻጩ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ችግር ሲመጣ የሚያስታውሰው የለም።

ሰው የሚገኝበትን መንገድ በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ተመሳሳይ ችግር የነበረበትን ድርጅት የአይቲ ኃላፊ መጠየቅ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ ሊንክድኢን እና አፕወርክን የመሳሰሉ መድረኮች ይመጣሉ። ከኢትዮጵያ ሆነው ውጭ ላለ ሰው የሚከፍሉ ከሆነ ግን የውጭ ምንዛሪው በምን ዓይነት ሰነድ እንደሚፈቀድ ከውሉ በፊት ባንክዎን ይጠይቁ። ውጭ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል በዚህ ሙያ የበቁ አሉ፤ የሰዓት ልዩነቱም እንደሚፈራው ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ገና ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት መሠራት ያለበትን ለውጥ ባለሙያው ሳያንቀላፋ በራሱ የሥራ ሰዓት ይሠራዋል ማለት ነው።

ቃለ መጠይቁ

የምስክር ወረቀትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይታይ፤ ነገር ግን ሰውየውን የሚገልጠው ችግር ሲሰጠው የሚያደርገው ነገር ነው። እኔ የምጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው፦ “ትናንት በ1 ሴኮንድ ይመጣ የነበረ ሪፖርት ዛሬ 40 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ከየት ይጀምራሉ?” ጥሩ ባለሙያ መልስ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ይጠይቃል፤ ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ? የዘገየው ለሁሉም ተጠቃሚ ነው ወይስ ለአንዱ? ሪፖርቱ ብቻውን ሲሠራም ይዘገያል ወይስ ሌላ ሥራ ይዞት የሚጠብቀው ነገር አለ? ከዚያም የኩዌሪውን የአፈጻጸም ዕቅድ (ዳታቤዙ መልሱን ለማግኘት የሚከተለውን መንገድ) ማየት እንደሚፈልግ፣ ዳታቤዙ ስለ ሰንጠረዦቹ የያዘው ስታቲስቲክስ አርጅቶ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ጥያቄው ሳያልቅ “ኢንዴክስ መጨመር ነው” ወይም “ራም ያንሰዋል” የሚለው ሰው፣ ምናልባት ትክክል ሊሆን ቢችልም፣ በእርስዎ ገንዘብ የሚገምት ሰው ነው።

ቀጥሎ “ኢንዴክስ የሚጎዳው መቼ ነው?” ብለው ይጠይቁ። እያንዳንዱ ኢንዴክስ አዲስ መረጃ በገባ ወይም በተለወጠ ቁጥር አብሮ መስተካከል ስላለበት መረጃ መጻፍን ያዘገያል፤ ቦታም ይይዛል፤ በሥራ ሰዓት ሲገነባ ደግሞ ሌሎችን ሊያስጠብቅ ይችላል። ፖስትግሬስኪውኤል ላይ ለሚሠራ ሰው “ኤክስፕሌይን አናላይዝን በስረዛ ትእዛዝ ላይ ቢያስኬዱት ምን ይሆናል?” የሚለው ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ይህ ትእዛዝ ዕቅዱን ከማሳየት አልፎ ኩዌሪውን በእውነት ስለሚፈጽመው ረድፎቹ ይሰረዛሉ፤ የሚያውቅ ሰው ትራንዛክሽን (እስኪጸድቅ ድረስ ሊመለስ የሚችል የሥራ ክፍል) ከፍቶ በኋላ እንደሚመልሰው ይነግርዎታል። ማይኤስኪውኤልን በተመለከተ ደግሞ “ኩዌሪ ካሽን ከፍ እናደርጋለን” የሚል ምክር ከሰሙ፣ ያ የኩዌሪ መልሶችን የሚያቆይ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 8.0 እትም ከነጭራሹ እንደተወገደ ይወቁ፤ ምክሩ ከአሮጌ ጽሑፍ የተቀዳ ነው።

በአማርኛ መረጃ ለሚሠራ ዳታቤዝ የምጨምራቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በእነዚህ ላይ ጊዜ ቢወሰድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ሲስተሞች ላይ ደጋግሜ ያገኘኋቸው ናቸው። የመጀመሪያው የስም ፍለጋ ነው። አንድ ሰው ስሙን “ኃይሉ” ብሎ ያስመዘግባል፤ መዝጋቢው “ሀይሉ” ወይም “ሐይሉ” ብሎ ይጽፈዋል፤ ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የሰ እና የሠ፣ የአ እና የዐ፣ የጸ እና የፀ ጉዳይም ይኸው ነው። ፕሮግራመሩ ይህን ለመፍታት በፍለጋው ወቅት በሰንጠረዡ ያለውን እያንዳንዱን ስም በመተኪያ ፈንክሽን እያሳለፈ ወደ አንድ ፊደል ይለውጠዋል፤ ውጤቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስሙ በፈንክሽን ስለተሸፈነ ዳታቤዙ ኢንዴክሱን መጠቀም አይችልምና አንድን ሰው ለማግኘት መላውን ሰንጠረዥ ያነብባል። አምስት ሺህ ደንበኞች ሲኖሩ የማይታወቀው ይህ ስሕተት ግማሽ ሚሊዮን ሲደርሱ ሥራ ያስቆማል። መድኃኒቱ ወጥ የተደረገውን ስም ሲመዘገብ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ በራሱ ዓምድ ማስቀመጥና ኢንዴክሱን በዚያ ዓምድ ላይ ማበጀት ነው።

ሁለተኛው የቀን አቀማመጥ ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ለማሳየት ሲባል ቀኑ “15/03/2016” ተብሎ በጽሑፍ መልክ የተቀመጠባቸው ብዙ ሲስተሞች አሉ። ጽሑፍ ሲደረደር በመጀመሪያው ፊደል ስለሆነ የየወሩ ቀን 1 ሁሉ በአንድ ላይ ይሰበሰባል፤ “ከመስከረም እስከ ኅዳር” የሚል ሪፖርት ሲጠየቅ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ረድፍ እየቆራረጠ ወደ ቀን ካልቀየረ መልስ መስጠት አይችልም። ባለሙያው ቀኑ በትክክለኛው የቀን ዓይነት መቀመጥ እንዳለበትና ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ውጭ አገር ያለ ሰው ጳጉሜንን ላያውቅ ይችላል፤ ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ተነግሮት ችግሩን ወዲያው ካልተረዳ ያሳስበኛል።

ምርመራው ለብቻው

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልመለስ። ችግሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የጥገና ዋጋ የሚናገር ሰው ወይ አስፍቶ ገምቶ ያስከፍልዎታል፣ ወይ አጥብቦ ገምቶ መሀል መንገድ ላይ ይተውዎታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውል ከሁለት እስከ አምስት ቀን የሚወስድ፣ ዋጋው የተቆረጠ፣ ውጤቱም የጽሑፍ ሪፖርት የሆነ የምርመራ ውል ይሁን። ሪፖርቱ የድርጅቱ ንብረት እንደሆነ በውሉ ይገለጽ፤ እርሱን ይዘው ጥገናውን ለዚያው ሰው፣ ለሌላ ሰው ወይም ለራስዎ ሠራተኛ የመስጠት ነፃነት ይኖርዎታል። አማካሪው በዚህ ቅር ካለው ምክንያቱን ይጠይቁት።

ሪፖርቱ ኩዌሪዎችን በጠቅላላ በወሰዱት ጊዜ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ አለበት። ለዓይን የሚታየው 40 ሴኮንድ የሚፈጀው ሪፖርት ነው፤ ነገር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ከተከፈተ በድምሩ 80 ሴኮንድ ነው። በሌላ በኩል 30 ሚሊሴኮንድ ብቻ የሚወስድ፣ ማንም የማያስተውለው ኩዌሪ በቀን 200,000 ጊዜ ከተጠራ ሰርቨሩን ለ100 ደቂቃ ይይዘዋል። ከዝርዝሩ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ግኝት ማስረጃው፣ የሚመከረው ለውጥ፣ ለውጡ ሊያስከትል የሚችለው አደጋና የሚመለስበት መንገድ ይጻፍ። “አጠቃላይ ማሻሻያ ያስፈልጋል” የሚል ዓረፍተ ነገር የያዘ ሪፖርት ይመለስ።

ሁለተኛው ውል የሚታሰረው በልኬት ነው። “ፍጥነቱ ይሻሻላል” ከማለት ይልቅ “የደመወዝ ሪፖርቱ በወር መጨረሻ ቀናት፣ በሥራ ሰዓት ከተከፈተባቸው 100 ጊዜያት በ95ቱ ከ3 ሴኮንድ ባነሰ ይመጣል” ተብሎ ይጻፍ። የሥራ ሰዓት የሚለው ቃል እንዳይቀር፤ እሑድ ጠዋት የማይፈጥን ሰርቨር የለም። በርክክብ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ያው ኩዌሪ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ መረጃው ከዲስክ ወደ ሜሞሪ ስለገባ ምንም ሳይሻሻል እንኳ ሊፈጥን ይችላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ጊዜ ይለካ። ከክፍያው ቢያንስ ሲሶው አንድ የወር መጨረሻ በሰላም እስኪያልፍ ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ጥሩ ባለሙያ ይህን አይቃወምም፣ ነገር ግን ቀኑ በውሉ ተቆርጦ እንዲጻፍለት ይጠይቃል፤ ትክክልም ነው። ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ከክፍያ ላይ ተቀናሽ ስለሚደረገው ግብር የሒሳብ ባለሙያዎን ከመፈረምዎ በፊት ያማክሩ፤ በኋላ የሚነሣ የተቀናሽ ጉዳይ መልካም ግንኙነትን ያበላሻል።

ቁልፉን ማስረከብ

የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በቴሌግራም መላክ የተለመደ ነገር ሆኗል፤ አይላክ። ለአማካሪው በስሙ የተከፈተ፣ የሚያበቃበት ቀን የተወሰነለት አካውንት በቪፒኤን (በተመሰጠረ የርቀት መገናኛ) በኩል ይሰጠው። ለምርመራው ደረጃ የማየት መብት ብቻ ይበቃዋል፤ ፖስትግሬስኪውኤል ለዚሁ የሚሆን ፒጂ ሞኒተር የተባለ ዝግጁ ሚና አለው፤ ኤስኪውኤል ሰርቨርም የሰርቨሩን ሁኔታ ብቻ የሚያሳይ ፈቃድ መስጠት ይችላል። የኩዌሪ ሎጎች የደንበኞችን ስም፣ ስልክና የሒሳብ ቁጥር ሊይዙ እንደሚችሉ ብዙ ሰው አያስብም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷልና፣ የምስጢር ጥበቃ ግዴታው በውሉ ይግባ፤ መረጃው ከአገር የሚወጣ ከሆነም የሕግ ባለሙያ ይየው።

አማካሪው አንዲት ነገር ከመለወጡ በፊት ባክአፑ በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ መታየት አለበት። አንድ ድርጅት ውስጥ ይህን ስጠይቅ “በየሌሊቱ ይወሰዳል” ተባልኩ፤ ፋይሎቹን ስንከፍት ለወራት የተወሰዱት ሁሉ ባዶ ነበሩ፤ ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር በየሌሊቱ የሚፈጠረው የፋይሉ ስም ብቻ ነበር። የፍጥነቱን ጉዳይ ለአንድ ሳምንት ትተን ባክአፑን ማስተካከል ግድ ሆነ።

በጥገናው ወቅት ለውጦች አንድ በአንድ ይደረጉ፤ በአንድ ሌሊት አምስት ነገር ተለውጦ ጠዋት ቢፈጥን የትኛው እንደጠቀመ፣ ቢዘገይም የትኛው እንደጎዳ አይታወቅም። እያንዳንዱ ለውጥ መጀመሪያ የዳታው መጠን ከዋናው ጋር በሚቀራረብ ቅጂ ላይ ይሞከር፤ መቶ ረድፍ ባለው የሙከራ ዳታቤዝ ላይ የተገኘ ፍጥነት ምንም አያሳይም። የለውጡ ቀንና ሰዓት፣ ትእዛዙና መመለሻው የድርጅቱ ሠራተኛ በሚይዘው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሰኔ ወር መጨረሻ፣ የደመወዝ ሳምንትና የበዓል ዋዜማ ደግሞ ለውጥ የማይደረግባቸው ቀናት ተብለው አስቀድመው ይታገዱ።

ሥራው ሲያልቅ አማካሪው ከአይቲ ሠራተኛዎ ጋር ቢያንስ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ያደረገውን እያሳየ ያስረዳ፤ የዘገዩ ኩዌሪዎችን ሎግ በየሳምንቱ ማን እንደሚያነብና ስንት ሴኮንድ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ በዚያው ይወሰን። ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያው ደብተር ወጥቶ እነዚያው ገጾች በእነዚያው ሰዓቶች እንደገና ይለኩ፤ የቀረው ክፍያ የሚለቀቀው በዚህ ልኬት ነው። አካውንቱ ግን እስከዚያ አይጠበቅም፤ ርክክቡ በተፈረመበት ቀን ይዘጋ፤ የቪፒኤን ፈቃዱ ይነሣ፤ ለሥራው ተብሎ ሰርቨሩ ላይ የተጫነ የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ካለም ሠራተኛዎ ፊት ለፊት ይራገፍ።